ያጠፋሁት ማስታወቂያ

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ማታ እዚሁ ገጼ ላይ አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው አጠፋሁት። ያያችሁት አላችሁ። "ቲቸር፣ ተሸጠ እንዴ?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝም አላችሁ። አልተሸጠም። ለምን እንዳጠፋሁት ልነግራችሁ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ለአሮጌ ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ መጨረሻው አካባቢ የሚጠቅማችሁ ነገር አለ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቤቴ ያለችውን ኮምፒውተር ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ቤት መጥታችሁ የኔትወርክ ኬብል ትሠሩ የነበራችሁ ልጆች "አሮጊቷ" ነበር የምትሏት። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ትልቁ ኬዝ፣ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም። ሞዴሏ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ለ12ኛ ክፍል ልጆች በቴሌግራም የምለቃቸውን ቪዲዮዎች የምሠራው በእሷ ነው። መረጃ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ተቆራርሶ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው አኒሜሽን ትዝ ይላችኋል? እሱን በብሌንደር ስሠራ ስንት ሌሊት አብራኝ አድራለች።

መስከረም ላይ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመሮች መጡ። ቀጥሎ ቀለም ያላቸው ካሬዎች። ከዚያ አንድ ቀን ጭራሽ ጨለመ። ራሙን አውጥቼ በላጲስ ጠርጌ መለስኩት፣ ያው ነው። የጎረቤት ሞኒተር ተውሼ ሞከርኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ግራፊክስ ካርዱን ነቅዬ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሶኬት ስሰካው ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። የሞተው ካርዱ ነበር፣ ጂቲ 730።

"ታዲያ በማዘርቦርዱ አትሠራም?" ትሉኝ ይሆናል። ለዎርድ፣ ፈተና ለማውጣት፣ ፊልም ለማየት ይበቃል። ብሌንደር 4 ግን ኦፕን ጂኤል 4.3 ይፈልጋል። የእኔ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ኢንቴል ኤችዲ 2500 ደግሞ በዊንዶውስ ላይ ከ4.0 አያልፍም። አልከፍትም አለኝ።

ጥቅምት ላይ እቁብ ደረሰኝ። ባለቤቴ ለፍሪጅ መነሻ ነበር ያሰበችው። ነገሩን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና "ለልጆቹ ቪዲዮ ነው አይደል? ግዛው በቃ" አለችኝ። 12 ሺህ ብር ይዤ ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነሳሁ። ላምበረት ወርጄ፣ በታክሲ መርካቶ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያ ስህተቴን ልናዘዝ። ከመሄዴ በፊት ሳምንት ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ነበር። ለእንደኔ ዓይነት አሮጌ ዴል ሁሉም የሚያነሱት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን ነው። 4 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ 75 ዋት ነው፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይፈልግም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ስሙን ብቻ ይዤ ሄድኩ። እውነተኛው ካርድ ምን እንደሚመስል፣ ከኋላው ምን ምን ፖርት እንዳለው አላየሁም። 9ኛ ክፍልን ስለ ኮምፒውተር ክፍሎች የማስተምር ሰውዬ!

የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ በጣም ትሁት ነበር። መምህር መሆኔን ሲሰማ "ጋሼ፣ እኔ እኮ መምህር አላታልልም" አለኝ። ካርቶን የሌለው ካርድ አወጣ። "ዩዝድ ነው፣ ግን ኦርጅናል።" 14 ሺህ ብሎ 12 ላይ ተስማማን። ገልበጥ አድርጌ ሳየው ሰማያዊ የቪጂኤ ሶኬት አለው። ደስ አለኝ። ሞኒተሬ አሮጌ ነው፣ ከቪጂኤ ሌላ መግቢያ የለውም። ኮንቨርተር ከመግዛት ተረፍኩ አልኩ። ይህቺን የቪጂኤ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ጠርዙ ላይ ባለ ስድስት ቀዳዳ የኃይል መሰኪያም ነበረው። "ይሄ ካርድ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም ሲባል አልነበር?" አልኩት። "ጋሼ፣ ይሄ ኃይለኛው ነው" አለና ከሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ ኃይል የሚወስድ ማገናኛ መረቀልኝ። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሰካው፣ ዊንዶውስ ከፈተ፣ ስሙን አሳየኝ። ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ ይላል። ድራይቨሩንም በፍላሽ ሰጠኝና "ይሄንን ብቻ ጫን፣ ከኢንተርኔት እንዳታወርድ" አለኝ። ያን ጊዜ ለእኔ አስቦ መስሎኝ ነበር።

ደረሰኝ ስለው "በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል" አለ። ተውኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ወረቀቱን ሳልይዝ ሞኙን ብቻ ሆኜ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ማታ ሠራ። ብሌንደር ተከፈተ። ባለቤቴ ሻይ ይዛ መጥታ ከኋላዬ ቆማ አየች። በማግስቱ የድሮውን አኒሜሽን ከፍቼ መሥራት ስጀምር ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። አጥፍቼ አበራሁ፣ እንደገና ጥቁር። ትንንሽ ነገር ስሠራ ደህና ነው፣ ከበድ ሲል ይጠፋል። ድራይቨሩ ይሆናል ብዬ ከራሱ ከኤንቪዲያ ገጽ አውርጄ ስጭን ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ መነሳት እምቢ አለ።

አንድ ሳምንት ሁሉንም ነገር ጠረጠርኩ። ፓወር ሰፕላዩን፣ ገመዱን፣ መብራቱን፣ ራሴን። ከካርዱ በስተቀር። ያወጣሁበት ብር ስለሚያመኝ ነው መሰለኝ።

እውነቱን የነገረኝ አሁን አዲስ አበባ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ነው። ስልክ ላይ ሁኔታውን ስነግረው ወዲያው "ቲቸር፣ ጂፒዩ-ዚ አውርደው ያሳዩኝ" አለኝ። ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ትንሽዬ። ከፈትኩት። ከካርዱ ስም በፊት በቅንፍ "ፌክ" የሚል ቃል ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ ጂኤፍ106 ይባላል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጂቲኤስ 450 ላይ የነበረው ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው፣ 768 ኩዳ ኮር አለው። የእኔው 192 ነው ያለው። ሜሞሪውም 1 ጊጋ ነው። የካርዱን ባዮስ ቀይረው "ስሜ 1050 ቲአይ ነው፣ 4 ጊጋ አለኝ" ብሎ እንዲዋሽ አድርገውታል። ዊንዶውስ የተነገረውን ያምናል። ብሌንደር 1 ጊጋውን ጨርሶ ሁለተኛውን ሲጠይቅ ግን የለም። ለዚያ ነው የሚጨልመው። ድራይቨር ከኢንተርኔት እንዳላወርድ የተመከርኩትም ለዚሁ ነው።

ያ ደስ ያለኝ የቪጂኤ ሶኬት ደግሞ ዋናው ምልክት ነበር። የእውነተኛው 10 ተከታታይ ቺፕ ቪጂኤ የሚፈልገውን የአናሎግ ምልክት አያወጣም። ዲጂታል ብቻ ነው። ስሙ 1050 ተብሎ ቪጂኤ ያለው ካርድ ካያችሁ በጣም ተጠራጠሩ። ከሁሉም ያስደሰተኝ ነገር ማስረጃው ራሱ ነበር።

ያ የተመረቀልኝ ማገናኛም አሳስቦኝ ለፊዚክስ መምህሩ ጓደኛዬ አሳየሁት። ወረቀት አወጣ። ጂቲኤስ 450 እስከ 106 ዋት የሚወስድ ካርድ ነው። ባለ ስድስቱ መሰኪያ እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል። የሃርድ ዲስኩ ገመድ በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፒር ነው። አባዛው፣ 54 ዋት። "ይሄ ፕላስቲክ አንድ ቀን ይቀልጣል" አለኝ። ኮምፒውተሯ ያለችው ልጆቼ ከሚተኙበት አልጋ ሁለት እርምጃ ርቃ ነው።

መርካቶ ተመልሼ ሄድኩ። ያው ልጅ ነው፣ "ጋሼ" ግን ቀርቷል። "እየሠራ ነው የወሰድከው። ደረሰኝ አለህ?" አለኝ። የለኝም። የትራንስፖርቱ ሲጨመር የበለጠ ከሰርኩ።

አሁን ወደ ማስታወቂያው መጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው "አንተም ተሸውደህ ነው፣ አሳልፈው። ንግድ እንዲህ ነው" አለኝ። ቀን ተቆጣሁት። ማታ ግን ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ፍሪጁን አሰብኩ። ደግሞ ለራሴ ጥሩ መከራከሪያ አገኘሁ፦ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እኮ ስሙን እንደዚያ ነው የሚለው፣ እኔ ከራሴ አልጨመርኩም። ፎቶ አነሳሁትና ጻፍኩ። "ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ ለአጭር ጊዜ የተሠራበት፣ 10 ሺህ ብር።" ሁለት ሺህ ቀንሼ ስጽፍ ደግ የሆንኩ መስሎ ተሰማኝ። አያስቅም?

አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆነው መልእክት መጣ። ከአምስት ዓመት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ታጠናለች። የጻፈችው ይሄን ይመስላል፦

"ቲቸር እንደምን አመሹ? ካርዱን አየሁት። ከሌላ ሰው ቢሆን እፈራ ነበር፣ ብዙ ፌክ አለ ይላሉ። ከእርስዎ ከሆነ ግን አልጠይቅም። እናቴ የላከችልኝ ብር አለ፣ የሒሳብ ቁጥርዎን ይላኩልኝና አሁኑኑ ላስገባ።"

እናቷን አውቃቸዋለሁ። የወላጅ ቀን ሲሆን ከገበያ በቀጥታ፣ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ነበር የሚመጡት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የተቀመጥኩትም ለዚህ ነው። የሒሳብ ቁጥሬን መጻፍ ጀምሬ ነበር። አምስት ስድስት ቁጥር ጽፌያለሁ። እጄ ነው የቆመው፣ እኔ ጀግና ሆኜ አይደለም። "ከእርስዎ ከሆነ አልጠይቅም" የምትለዋን እንደገና አነበብኳት። መርካቶ ያለው ልጅ የሸጠልኝ ካርድ ነው፣ ከስሬያለሁ፣ አልቋል። እኔ ልሸጥ የነበረው ግን አስተማሪነቴን ጨምሬ ነው። ደሞዛችን ያው የምታውቁት ነው፣ እኔም በዲፕሎማ ነው ያለሁት። ሰው ስናገር ማመኑ ግን ለደሞዜ አልመጣም፣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ካሳለፈችው ጊዜ ነው የመጣው።

የጻፍኩትን አጠፋሁ። ማስታወቂያውንም አጠፋሁ። ከዚያ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ፌክ መሆኑን እያወቅኩ እንደለጠፍኩትም ጭምር። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ" አልኩ። "አለሁ ቲቸር" አለችና ቆይታ "እና አሁን ቪዲዮዎቹን በምን እየሠሩ ነው?" አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

ከዚያ "ኮምፒውተርሽ ምን ዓይነት ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። ፎቶ ላከች። ቀጭኑ ኬዝ ነው። ካርዱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ በቁመቱ አይገባላትም ነበር።

ያን ማታ ለእሷ ያስረዳኋትን ለሁላችሁም ላስቀምጠው። ለአሮጌ ዴስክቶፕ ካርድ ስትመርጡ፦

1. መጀመሪያ ኬዙን ክፈቱና ለኩ። ቀጭን ኬዝ ከሆነ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን፣ ነው የሚፈልገው። አጭሩን ብረትም አብሮ መስጠታቸውን እዩ።

2. ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። የእኔው 275 ዋት ነው፣ ፕሮሰሰሩ ብቻ እስከ 77 ዋት ይወስዳል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ረጅሙ ማስገቢያ በደረጃው መሠረት በ12 ቮልት እስከ 5.5 አምፒር፣ በ3.3 ቮልት እስከ 3 አምፒር ይሰጣል። ስታባዙት 66 እና 9.9፣ በድምሩ ወደ 75 ዋት። ስለዚህ የራሱ የኃይል ገመድ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ 75 ዋት ጣሪያችሁ ነው። እውነተኛ ከሆኑት 1050 ቲአይዎችም አንዳንዶቹ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋሉ፣ እነሱን እለፏቸው። በሃርድ ዲስክ ገመድ አታታልሉት።

3. ሥራችሁን ለዩ። ስክሪን የሚያሳይ ብቻ ከፈለጋችሁ ጂቲ 1030 በ30 ዋት ይበቃል። ግን ተጠንቀቁ፣ በዚሁ ስም ሁለት ካርድ አለ። ጂዲዲአር5 ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያመላልሳል፣ ዲዲአር4 ያለው 16.8 ብቻ። ቪዲዮ ለምትቀርጹ ደግሞ፣ 1030ም ሆነ አርኤክስ 6400 በካርዱ ላይ ቪዲዮ የሚጨምቅ ክፍል የላቸውም። ሸክሙ ሁሉ በአሮጌው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል።

4. ለቀጭን ኬዝ ኳድሮ ፒ620 ወይም ፒ1000 ፈልጉ። የመጀመሪያው 40 ዋት፣ ሁለተኛው 47 ዋት ነው። ፖርታቸው ትንሹ ዲስፕሌይፖርት ስለሆነ የኮንቨርተር ብር ያዙ። ልጅቷ አሁን ይሄንን እያፈላለገች ነው።

5. ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጂፒዩ-ዚን በራሳችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የኮር ቁጥሩን፣ የሜሞሪውን ዓይነት፣ የቺፑን ስም ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና አመሳክሩ። አይሆንም የሚል ሻጭ ካለ ደህና ዋል ብላችሁ ውጡ። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዋጋው ቢጨምርም።

እኔስ? የማታ ትምህርት ክፍያ ሲገባልኝ ባለፈው ቅዳሜ ከዚያው ተማሪዬ ጋር ሄድን። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ገዛሁ። እ.ኤ.አ. የ2014 ካርድ ነው፣ 640 ኮር፣ 2 ጊጋ፣ 60 ዋት፣ ያለ ተጨማሪ ገመድ። ይሄኛውም ቪጂኤ አለው፣ ግን በእሱ ትውልድ ቪጂኤ መኖሩ ትክክል ነው። ከ1050ው ያንሳል፣ ስሙም አይጠራም። ፍላሹን ሰክተን ለሃያ ደቂቃ ፈተሽነው። ባለሱቁ ቡና አዘዘልን። ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው። የከፈልኩት ለመጀመሪያው ካርድ ካወጣሁት ግማሹን አይሞላም። አኒሜሽኑ ተከፍቷል፣ ቀስ ይላል፣ ግን አይጨልምም።

ፌኩ ካርድ አይሲቲ ክፍል ውስጥ ነው። ማገናኛውን ቆርጬ ጣልኩት፣ ካርዱ ላይ በማርከር "ፌክ፣ 12 ሺህ ብር" ብዬ ጻፍኩበት። ሰኞ የ9ኛ ክፍል ልጆች እየተቀባበሉ አዩት። አንዱ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ማን ነው የተሸወደው?" አለ። "እኔ" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉም ገልብጠው የቪጂኤውን ሶኬት ፈለጉ።

ማስታወቂያውን አይታችሁ ለመግዛት ያሰባችሁ ሌሎችም ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባለቤቴንም ፍሪጁን በሚመጣው እቁብ ብያታለሁ። እሷ "እስቲ እናያለን" ነው ያለችው።

ዩዝድ ካርድ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የኮምፒውተራችሁን ሞዴልና የካርዱን የኋላ ፎቶ ላኩልኝ፣ አብረን እናያለን። በነፃ ነው። የትምህርቱን ክፍያ እኔ ከፍዬዋለሁ።